በዕንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል

የሮክ ባንዱ የኒርቫና ሁለተኛ አልበም «ኔቨርማይንድ» ለገበያ የዋለው በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 24 ቀን 1991፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። በእኛ መስከረም 13 ቀን 1984 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እኔ በዕንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል የወጣ ካሴት ብዬ ነው የያዝኩት። ያን ሰሞን ሲያትል ውስጥ በነበርን ሐበሾች ቤት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማ ነበር፤ ሳሎን ውስጥ የአገር ቤት ወሬ፣ ጓዳ ውስጥ ደግሞ የባንዱ ዘፋኝ፣ የአበርዲኑ ልጅ የከርት ኮቤይን ጩኸት።

ደርግ ከወደቀ አራት ወሩ ነበር። ከመሀል ከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ባለው የስለር ተራስ በሚባለው የመንግሥት ቤቶች ሰፈር ነበር የምንኖረው። ዝቅ ዝቅ ያሉ የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ከደጃፋቸው ሲቆሙ ወደቡና መርከቦቹ ይታያሉ። ቬትናሞች፣ ካምቦዲያዎች፣ ጥቁር አሜሪካውያን፣ ኤርትራውያንና እኛ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት እንጋራለን። አብዛኞቻችን በሱዳን በኩል የወጣን ነን። እናቴ እኔንና ወንድሜን ይዛ ከጎንደር ገጠር ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፣ ከካርቱም ሲያትል ደርሳለች። ያን በጋ ሙሉ ስልካችን ሲጮህ ነው የከረመው። ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር የሚነገረው አንድ ነገር ነበር፤ «ይኼ ዓመት ይለፍ እንጂ አገራችን እንገባለን።» ማን ቤቱ እንደተረፈለት፣ የማን ወንድም ከእስር እንደተፈታ፣ የማን ልጅ ከግንባር እንዳልተመለሰ በየዕለቱ ይሰማል። ሴቶቹ ሻንጣ እስከ መግዛት ደርሰው ነበር።

እኛ ልጆቹ ዝም ብለን እንሰማለን። እንደማንገባ እናውቅ ነበር። ይህን ግን ማንም ደፍሮ ለወላጁ የሚናገር አልነበረም።

ኒርቫናን ያስተዋወቀኝ ጎረቤታችን የነበረ የካምቦዲያ ልጅ ነው። እሱም እንደ እኔ የስደተኛ ካምፕ ልጅ ነበር፤ የታይላንድ ድንበር ላይ ያደገ። ስለ ካምፕ ግን አንድም ቀን አውርተን አናውቅም፤ የምናወራው ስለ ካሴት ነው። መጀመሪያ የሰጠኝ በ1989 የወጣውን «ብሊች»ን ነበር። ያን ሥራ ሰብ ፖፕ የተባለው የሲያትል አሳታሚ አወጣው፤ የቀረጸውም ጃክ ኢንዲኖ ነው። የቀረጻው ወጪ 606 ዶላር ከ17 ሳንቲም ሲሆን፣ ገንዘቡን የከፈለው ጄሰን ኤቨርማን የተባለ ጊታሪስት ፎቶው ሽፋኑ ላይ ቢኖርም በአንዱም ዘፈን ላይ አልተጫወተም። «ብሊች» ከባድ ነው፤ ጊታሩ ጭቃ እንደያዘው ጎማ ይጎተታል። ነገር ግን «አባውት ኤ ገርል» የምትባለው ዘፈን ላይ ስደርስ ይህ የሚጮኸው ልጅ ዜማ እንደሚያውቅና እንደሚደብቀው ገባኝ። ሁለተኛውን ካሴት በጉጉት እንድጠብቅ ያደረገኝ ይኸው ነው። ወንድሜ፣ ጋሼ የምለው፣ የሙሉቀን መለሰና የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ወዳጅ ነበርና «አንድ ካሴት ማንም ያወጣል፤ ዘፋኝነቱ የሚታወቀው በሁለተኛው ነው» ይል ነበር። ይህን ሚዛኑን ይዤ ነው የጠበቅሁት።

ኋላ ሳነብ አንድ ነገር ልቤን ነካው። የባንዱ አባላት ከርት ኮቤይን፣ ክሪስት ኖቮሰሊችና ዴቭ ግሮል ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቫን ናይስ ወደሚገኘው ሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ የገቡት በሜይ ወር መጀመሪያ ነው። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣቱን፣ ቀጥሎም ግንቦት 20 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ መግባቱን ስንሰማ፣ እነሱ እዚያ ከበሮና ጊታር እየቀረጹ ነበር። አንዱ ለሌላው ምኑም አይደለም። በእኔ ዕድሜ ላይ ግን ሁለቱ ተገናኙ፤ አንዱ የእናቴን አገር ሲቀይር ሌላው የእኔን ከተማ ሊቀይር እየተዘጋጀ ነበር።

አልበሙ ከመውጣቱ ከስምንት ቀን በፊት፣ ሴፕቴምበር 16፣ ዩኒቨርሲቲው ሰፈር በነበረው ቢሃይቭ የሙዚቃ መደብር በነፃ ይጫወታሉ ተባለ። ከትምህርት ቤት ወጥተን በአውቶቡስ ሄድን። ስንደርስ መደብሩ ከሞላ ቆይቷል፤ ሰዉ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ነው የተሰለፈው። እኛ ከውጭ መስኮቱን ተደግፈን ቆምን። መድረክ የለም፣ መጋረጃ የለም፤ ዕቃው በተደረደረባቸው መደርደሪያዎች መካከል ነው የሚጫወቱት። ያየሁት የኖቮሰሊችን ቁመት ነው፤ ከሁሉም በላይ ይታያል። ኮቤይንን ያየሁት ሰዉ ሲገፋፋ በሚከፈተው ክፍተት ነው፤ ፀጉሩ ፊቱን ሸፍኖታል፣ ግራኝ ስለሆነ ጊታሩ በተቃራኒው ተንጠልጥሏል። መስተዋቱ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁን በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በተደገፍኩበት ግንባሬ ሰማሁት። አጠገባችን የቆመ የማናውቀው ትልቅ ሰው ለጓደኛዬ ከፍ ብሎ እንዲያይ ትከሻውን ሰጠው። ከመጣሁ ወዲህ በዚያ ከተማ ውስጥ ከየት ነህ ሳልባል የቆምኩበት የመጀመሪያው ቦታ ያ አስፋልት ነው።

ካሴቱን የገዛው ጓደኛዬ ነው። እኔ በጋሼ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ገለበጥኩት። ባዶ ካሴት ስላልነበረኝ የስደተኛ መርጃ ድርጅቱ ለእናቴ ከሰጣት የእንግሊዝኛ መማሪያ ካሴቶች አንዱን ወሰድኩ፤ እሷ ያን ትምህርት ጨርሳ ወደሚቀጥለው አልፋለች። ከላዩ ያሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በፕላስተር ደፍኜ ቀዳሁበት። የመማሪያው አንዱ ገጽ 30 ደቂቃ ነው፤ የኒርቫና አንዱ ገጽ ግን 20 ደቂቃ አለፍ ቢል ነው። ስለዚህ «ፖሊ» ባለቀች ቁጥር ትንሽ ዝም ይልና፣ የአውቶብስ ማቆሚያው የት ነው እያለች ቀስ ብላ የምትጠይቅ ሴት ድምፅ ትመጣለች። አልበሙን ያለ እሷ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ዛሬም «ፖሊ» ስታልቅ ጆሮዬ ያችን ሴት ይጠብቃል።

አልበሙን በካሴት ያልሰማ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። አንደኛው ገጽ ሁሉም በሚያውቀው «ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ይጀምርና በ«ፖሊ» ያልቃል። ሁለተኛው ገጽ ከሁሉ በሚፈጥነው «ቴሪቶሪያል ፒሲንግስ» ይጀምርና በ«ሰምቲንግ ኢን ዘ ዌይ» ያልቃል። ሁለቱም ገጾች በጩኸት ተከፍተው፣ ኤሌክትሪክ በማያውቀው ተራ ጊታር፣ በዝቅታ ይዘጋሉ። ካሴቱን አውጥተህ ለመገልበጥ እጅህን ስትዘረጋ የሚይዝህ ያ ዝቅታ ነው። ሲዲ ላይ «ፖሊ» መሀል ላይ ያለች ስድስተኛ ዘፈን ናት፤ ካሴት ላይ ግን መደምደሚያ ነበረች።

እናቴ መጀመሪያ የሰማችው ቀን ወጥ እያማሰለች ነበር። በሩን ከፈት አድርጋ ጥቂት ቆመች። ትቆጣኛለች ብዬ ድምፁን ልቀንስ ስል «ተወው» አለችኝ። ከዚያ «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ሰው ሞቶበት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሙሾ በሚወረድበት አገር ያደገች ሴት ናት፤ የሚያለቅስን ሰው ከሚፎክር ሰው ትለያለች። በየጋዜጣው ስለ ቁጣ፣ ስለ አመፅ፣ ስለ ወጣቶች እምቢተኝነት ብዙ ተጻፈ። ለእኔ ከዚያ ሁሉ ይልቅ እሷ በወጥ ማማሰያ እጇ በሩን ይዛ ያለችው ነው የቀረበኝ። ያ ድምፅ ሐዘን ነበረበት።

ሐዘኑ እንዲሰማ ያደረገው ደግሞ ብዙዎች የሚነቅፉት የቀረጻው ጥራት ነው። ይህ የዘመኑ ትልቅ ክርክር ነበር። «ብሊች»ን የሚወዱ የሲያትል ልጆች ሁለተኛው አልበም ተወልውሏል፣ ለነጋዴ ተሽጧል አሉ። ኮቤይን ራሱም በኋላ ድምፁ ከሚገባው በላይ እንደጠራ ተናግሮ አፍሮበታል። እኔ በዚህ ከዘፋኙ ጋር እንኳ አልስማማም። አዘጋጁ ቡች ቪግ ኮቤይን አንዱን ስንኝ ሁለት ጊዜ እንዲዘፍነውና ድምፆቹ እንዲደራረቡ ይፈልግ ነበር፤ ኮቤይን ደግሞ ይህ ማታለል ነው ብሎ እምቢ ይላል። ቪግ ጆን ሌነን እንዲህ ያደርግ እንደነበር ነገረውና አሳመነው፤ ኮቤይን ቢትልስን አጥብቆ ይወድ ነበር። «ድሬይን ዩ» ወይም «ሊቲየም» ላይ ዝማሬው ሲመጣ የምንሰማው ያን ነው፤ አንድ ሰው ከራሱ ጋር ሆኖ ሲጮህ። ኋላም ድብልቁን የሠራው አንዲ ዋላስ ከበሮውን ወደፊት አወጣው፤ ከበሮ መቺው ግሮል ባንዱን ከተቀላቀለ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር፣ ግን ያለ እሱ ክንድ ይህ አልበም አይቆምም። ጭቃው ሲጸዳ ከሥሩ ዜማ ተገኘ። «ብሊች» ላይ ይደበቅ የነበረው ያ ዜመኛ ልጅ እዚህ ፊቱን ገለጠ። ይህ መሸጥ ከሆነ ጥሩ ዘፈን ሁሉ የተሸጠ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ የሆነው አራት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። አዲሱ አሳታሚያቸው መጀመሪያ ለአሜሪካ ገበያ ያዘጋጀው 46,000 ገደማ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ የጠበቀ አልነበረም። የ«ስሜልስ ላይክ ቲን ስፒሪት» ቪዲዮ ቴሌቪዥን ላይ መታየት ጀመረ። በኦክቶበር 31 በመሀል ከተማው ፓራማውንት ቲያትር ሲጫወቱ የፊልም ካሜራ ገብቶ ነበር። እኛ ቲኬት አልነበረንም፤ ከሳምንታት በፊት መስኮቱን ተደግፈን ያየናቸውን ልጆች ያን ቀን በሩ ላይ ያለው ሰልፍ እንኳ አላስጠጋንም። ገና ሲመጣ በየሱቁ አለቀ ይባል ጀመር። በጃንዋሪ 11 ቀን 1992 ቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» አውርዶ አንደኛ ሆነ። የማይክል ጃክሰን ፖስተር ያልተለጠፈበት የሐበሻ ቤት በማይገኝበት ዘመን ይህ ምን ማለት እንደነበር የዚያ ጊዜ ሰው ያውቀዋል።

ከተማዋ ደስ አላት፣ ደግሞም ተቀየመች። እስከዚያ ድረስ ሲያትል ሩቅ ነበረች፤ ዝናብ፣ አውሮፕላን ፋብሪካ፣ እንጨትና ዓሣ። ባንዶቿ የራሷ ነበሩ። ጎረቤት እንደሚታወቅ ይታወቃሉ፤ ማን የት እንደሚሠራ፣ ማን የማን ከበሮ መቺ እንደነበር ይነገራል። ከዚያ ክረምት በኋላ ከየአገሩ ጋዜጠኛ መጣ፣ ጊታር የያዘ ወጣት መጣ፣ አሳታሚዎች መጡ። እኔና ወንድሜ ከብርዱ የተነሳ ከልባሽ ልብስ ቤት ገዝተን የምንለብሰው ባለ ዳማ የፍላኔል ሸሚዝ በኖቬምበር 1992 ኒውዮርክ ውስጥ ማርክ ጄኮብስ ለፔሪ ኤሊስ በሠራው የፋሽን ትርኢት ላይ ቀረበ። ትምህርት ቤት ውስጥ በኒርቫና ሰበብ ይገፉን የነበሩት ልጆች ሸሚዙን ገዝተው ለብሰው መጡ። ጓደኛዬ ይህን ሊቀበለው አልቻለም፤ የተሰረቀ መስሎት ለወራት ካሴቱን አልከፈተም። እኔ አልተቀየምኩም። ከየት ነህ ስባል ከሲያትል ማለት ጀምሬ ነበር። ሰው ሁሉ ስሟን ያወቃት ከተማ ልጅ መሆን ለስደተኛ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያው ጊዜ ሳሎናችን ውስጥ የነበረው ወሬ እየቀዘቀዘ ሄደ። አንዳንዶች ሄደው አይተው ተመለሱ። ስለ ሽግግር መንግሥቱ፣ ስለ ክልል፣ ስለ ኤርትራ ክርክሩ በዛ፤ አብረው ቡና ይጠጡ የነበሩ ሴቶች መጠራራት ቀነሱ። እናቴ የገዛችው ሻንጣ አልጋ ሥር ገብቶ የክረምት ብርድ ልብስ ማስቀመጫ ሆነ። ወንድሜ ታክሲ መንዳት ጀመረ። አገር እንገባለን የሚለው ቃል በግልጽ ሳይሻር ቀረ።

ስለ «ሰምቲንግ ኢን ዘ ዌይ» ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ባንዱ እንዳለ ሆኖ ሊቀርጹት ሞክረው አልሆነም። ኮቤይን ወደ መቆጣጠሪያው ክፍል ገብቶ ሶፋ ላይ ተጋድሞ እንዴት መሆን እንዳለበት ለቪግ በሹክሹክታ ዘፈነለት። ቪግ ስልኩን ነቅሎ፣ ድምፅ የሚያወጣውን ሁሉ አጥፍቶ፣ እዚያው በተጋደመበት ቀረጸው። ጊታሩ ርካሽና ያረጀ ነው፤ በመደበኛው ቅኝት ስላልተቃኘ በኋላ የተጨመረውን ሴሎ ከእሱ ጋር ማስማማት አስቸግሯል። ዘፈኑ አበርዲን ውስጥ በዊሽካ ወንዝ ላይ ባለው ድልድይ ሥር ስለማደር ነው ይባላል። ኖቮሰሊች ግን ወንዙ ከባሕር ሞገድ ጋር ስለሚሞላና ስለሚጎድል እዚያ ማንም ሊያድር እንደማይችል ተናግሯል፤ ኮቤይን ቦታውን ያዘወትር ነበር እንጂ አልኖረበትም።

ይህን ሲሰሙ ዋሸን ብለው የተቆጡ አድናቂዎች አሉ። እኔ ራኩባ ውስጥ ያደርኩ ሰው ነኝ። ገዳሪፍ ላይ ከሣርና ከጆንያ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ዝናብ ሲገባብን እናቴ እኔን በሆዷ ሥር አድርጋ ነው ያሳደረችኝ። ያን ዘፈን ስሰማ ውሸት አልሸተተኝም። ወላጆቹ በዘጠኝ ዓመቱ ተፋተው ከዘመድ ወደ ዘመድ ሲንከራተት ያደገ ልጅ ቤት የሌለው ልጅ ነው፤ ድልድዩ ሥር ተኛም አልተኛም። የተቸገረ ሰው ስለ ችግሩ ሲያወራም አይጮህም። እኛ ቤት ስለ ሱዳን የሚወራው ልክ በዚያ ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ተብሎ፣ ለሰው ሳይሆን ለራስ፣ መሀል ላይ ተቋርጦ። ወላጆቻችን ከእኛ የደበቁት ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ተዘፍኖ ያገኘሁት መሰለኝ።

ኮቤይን ሞቶ የተገኘው ኤፕሪል 8 ቀን 1994 ሌክ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ቤቱ ነው። ሕይወቱ ያለፈው ከሦስት ቀን በፊት፣ ኤፕሪል 5 ነው ተባለ። 27 ዓመቱ ነበር። እናቴ ቀኑን በእኛ ስትቆጥረው መጋቢት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ዕለት ሆነ። አማትባ «እናቱ አለች?» አለችኝ፤ አለች ስላት ቁጭ አለች። ስለ ሙዚቃው አንድም ቃል ሳትናገር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ዋለች። እሑድ ዕለት ሲያትል ሴንተር በተደረገው የመታሰቢያ ስብሰባ 7,000 ያህል ሰው ተገኘ። ከጓደኛዬ ጋር ሄድን። ብዙው የእኛ እኩያ ነው፤ እርስ በርሱ ሳይተዋወቅ ይተቃቀፋል። ጓደኛዬ እዚያ ሣር ላይ ተቀምጠን ሳለ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ታይላንዱ ካምፕ ነገረኝ። እኔም ስለ ገዳሪፍ ነገርኩት።

ከዚያ ዘመን የቀረ ነገር ጥቂት ነው። ቢሃይቭ ተዘግቷል፤ የምንመላለስበት ሌላው የሙዚቃ መደብር ታወር ሬከርድስም በ2006 ድርጅቱ ሲከስር አብሮ ጠፋ። የስለር ተራስ የእንጨት ቤቶች ፈርሰው ኮረብታው ላይ ፎቆች ቆመዋል። አልበሙ ግን በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ለትውልድ ይቆዩ ካላቸው ቅጂዎች መካከል መዝግቦታል። የሚያሳዝነኝ የአሰማሙ መጥፋት ነው። አንድ ካሴት ተገዝቶ ለአራት ቤት ይገለበጥ ነበር። ቀኑ ይጠበቅ ነበር። የማትወደው ዘፈን እንኳ ከሚቀጥለው በፊት ስላለ ትሰማዋለህ፤ ስትሰማው ትለምደዋለህ፤ ትለምደውና ትወደዋለህ። «ላውንጅ አክት»ን እንዲህ ነው የወደድኩት፤ ዛሬ ቢሆን ዘልዬው አልፍ ነበር።

ባንዱ በስቱዲዮ የሠራቸው አልበሞች ሦስት ናቸው። አንዳንድ ሐያሲዎች ሦስተኛውን «ኢን ዩትሮ»ን ከፍ ያደርጋሉ፤ የሲያትል ነባሮች በ«ብሊች» ይምላሉ። የጋሼን ሚዛን ይዤ ስፈርድ ግን ትልቁ ሁለተኛው ነው። አዲስ አድማጭ ከሆናችሁ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምራችሁ እስከ አሥራ ሁለተኛው በተራው ስሙት፤ አንዱንም አትዝለሉ።